የዱጋልድ ረጅም ዘንግ

ዱጋልድ ጌደስ የተገኘው ስፔይ ወንዝ ዳር፣ በግንባሩ ውሃው ውስጥ ተደፍቶ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል እንደ እንቁላል ተፈርክሷል። ደሙ ጠጠሩን አልብሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አጠገቡ አምስት ሜትር የሚሆነው አሮጌ የእንጨት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ ተጋድሟል፤ ክሩ ገብቶለት፣ ላባ የለበሰው መንጠቆም ታስሮበታል። ላየው ሰው፣ ሽማግሌው ሳልሞን ሊያጠምድ ገብቶ አዳልጦት ድንጋይ የመታው ይመስላል።

ኢንስፔክተር ኤፊ ጋው ከመኪናዋ ስትወርድ ግን ወንዙ ዳር ሌላ ድብደባ ነበር። ከሟቹ ጋር ወንዙን ሲጠብቅ ያረጀው ዋቲ ፔትሪ፣ እጁ በካቴና የታሰረ ጎልማሳ መሬት ላይ ጥሎ በቦት ጫማው ጎኑን ይረግጠዋል። ቀድሟት የደረሰው ኮንስታብል ቆሞ ያያል።

«ጋሽ ዋቲ፣ ይተዉት!» ብላ በአንገትጌው ጎተተችው። «ማነው ይሄ?»

«ገዳዩ ነዋ! አማቹ፣ ላክላን። ትናንት እራት ላይ ዱጋልድን አንቆት እኔ ነኝ ያላቀቅኩት!»

«ድንጋይ አንዴ ነው የሚመታው፣ አለቃዬ» አለ ኮንስታብሉ። «ይሄ ተደጋግሞ ነው የተመታው። እዚያ የአጥማጆቹ ጎጆ ውስጥ ሚስማር ላይ የሚሰቀለው የዓሣ መምቻ ቆመጥም የለም። አዳለጠው ለማስባል ነው ዘንጉን ያስቀመጠው።»

«እስከዚህ ልክ ነህ» አለች ኤፊ።

ላክላን ደሙን ተፋ። «አንቄዋለሁ፣ አልዋሽም። ዩናን አበርዲን እወስዳለሁ ስለው በሹካ ወጋኛ! ግን አልገደልኩትም።»

የሟቹ ልጅ ዩና ሆዷ ገፍቶ፣ የአባቷን ደም የነካው ቆብ ታቅፋ የጎጆው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ኤፊ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጠዋት አይተሻቸዋል?»

«ሸሚዛቸውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። በብርዱ ወራት በረዶ ላይ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ከተሰበረ ወዲህ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሳም። የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ ላክላን ነው የሚያነሳላቸው። እየሰደቡት ያነሳላቸዋል።» ድንገት የኤፊን እጅ ጨበጠች። «አባቴን ቀበርኩ በይው። ባሌንም ከወሰዳችሁት ይሄን ልጅ ለማን ነው የምወልደው?»

ኤፊ ወደ ዋቲ ዞረች። «ጋሽ ዋቲ፣ በዚያ ትከሻ ይሄን ግንድ የሚያህል ዘንግ አንስቶ ክር ይወረውር ነበር እንዴ?»

ዋቲ አቀረቀረ። «አይ። ትከሻውን ለማንም እንዳትናገሩ አለን፣ ኩሩ ነበር። እኛ ብቻ ነን የምናውቀው። በዚያ ነበር የሚያጠምደው።» በር ላይ የቆመ አጭርና ቀላል ዘንግ አሳያት። ክሩ አሁንም እርጥብ ነው። «ለሸለቆው አጥማጅ ሁሉ ዘንግ የሚመርጥ ሰው፣ ለራሱ ያቺን ጭራሮ የመረጠ ዕለት አለቀሰ።»

ጎጆው ውስጥ ክሮቹ ግድግዳው ላይ ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። ምልክት የላቸውም፤ ዱጋልድ በጣቱ ነበር የሚለያቸው። ዘንግና ክር እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ ካልተመጣጠኑ ቤቱ አይቆምም።

«ላክላን፣ ለረጅሙ ዘንግ አንዱን ምረጥለት» አለች ኤፊ።

ላክላን ግራ ተጋብቶ በታሰረ እጁ አንዱን ቀጭን ክር አወረደ።

«አይ የከተማ ልጅ!» ዋቲ ሳያስበው ሳቀ። «ያንን ብታስርበት ዘንጉ ክር እንዳለውም አያውቅ!»

«ወንዙ ዳር ባለው ዘንግ ላይ ያለውስ?»

«እሱማ ልኩ ነው። ከባዱና ረጅሙ ክር። እኔም ብሆን እሱን ነበር የማስርለት።» ዋቲ የራሱን ቃል ሲሰማ ሳቁ ጠፋ።

የዚህ ወንዝ ክፍል ባለቤት ወይዘሮ ሌኪ ማዕዘን ላይ ዊስኪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከአባታቸው ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚሁ ያጠመዱ ሴት ናቸው።

«ዱጋልድን በደንብ ያውቁት ነበር?» አለቻቸው ኤፊ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ሰላሳ ዓመት ዘንግ ሲመርጥልኝ ኖሯል። ያ ትልቁ ዘንግ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ምስኪን፣ በሚወደው ነገር ሞተ።»

«የብርዱን ወራት እዚህ ነበሩ?»

«እዚህ ልሙት? ለንደን ነበርኩ። የገባሁት ትናንት ማታ ነው።»

ኤፊ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው። ረጅሙን ዘንግ አስመጥታ አጋደመችው። የድሮ ዘንግ ነው፤ ቁርጥራጮቹ ተደራርበው በጥብጣብ ይጠመጠማሉ። ጥብጣቡን ቀስ ብላ ፈታችው። ከሥሩ፣ እንጨትና እንጨት በተጋጠሙበት ላይ፣ የጣት አሻራ የመሰለ ደም ደርቋል። ዩና አፏን ያዘች።

«ደሙ ከጥብጣቡ በላይ ቢሆን ከሬሳው ተረጭቶ ነው እል ነበር» አለች ኤፊ። «ከሥሩ ነው። ስለዚህ ዘንጉ የተገጠመው ሰውየው ከተገደለ በኋላ፣ በደም በተነከረ እጅ ነው። የገጠመው ሰው ከእነዚህ ሁሉ ትክክለኛውን ክር አውቆ አስሯል። ላክላን አይችልም፤ አያችሁት።»

ኮንስታብሉ ዋቲን ገላመጠው።

«ጋሽ ዋቲ ይችላሉ። ግን እሳቸው አደጋ ማስመሰል ቢፈልጉ በር ላይ ተዘጋጅቶ የቆመውን አጭሩን ዘንግ ነበር ውሃው ውስጥ የሚጥሉት። ትከሻውን ያውቃሉ። ዩናም ታውቃለች። ገዳዩ ዘንጉን የሚያውቅ፣ ሰውየውን የማያውቅ ነው።» ወደ ሴትየዋ ዞረች። «ወይዘሮ ሌኪ፣ የትኛው ትከሻው ነበር የተሰበረው?»

የወይዘሮዋ ብርጭቆ አፋቸው ላይ ቀረ።

«ተሰብሮ ነበር?»

ኤፊ ወደ እሳቸው ተራመደች።

«ወንዙን ሸጫለሁ፣ ቤቱን ልቀቅ ነው ያልኩት!» ብለው ጮኹ። «በገዛ ወንዜ! 'አንቺ የአባትሽን ዘንግ ለመሸከም አትበቂም' አለኝ። ለእኔ! ጀርባውን ሰጠኝ። ቆመጡ እጄ ላይ ነበር...» የዓሣ መጎተቻውን ስለታም ሜንጦ ከግድግዳው መንጭቀው ወደ ኤፊ ፊት ሰነዘሩት። ላክላን በካቴና እንደታሰረ መሐላቸው ገባ። ሜንጦው ክንዱን ቀዶ አጥንቱ ላይ ቆመ። ዋቲ የሴትየዋን እጅ አንጓ ጠምዝዞ ቋ! አደረገው።

ቆመጡን ከወይዘሮዋ መኪና ወንበር ሥር፣ በስካርፍ ተጠቅልሎ አገኙት። ፀጉር ነበረበት።

ዋቲ ከኮንስታብሉ ቁልፉን ተቀብሎ የላክላንን ካቴና ራሱ ፈታ። የሚደማውን ክንዱን በዚያው በዘንግ ጥብጣብ ጠመጠመለት። «ጎንህ... እንዴት ነው?» አለው። «ያማል፣ ጋሽ ዋቲ።» «ይመም። ጠንካራ ጎን ነው» አለና ፊቱን አዞረ። ዩና መሐላቸው ገብታ የባሏን ጭንቅላት ሆዷ ላይ ደገፈችው።

ወይዘሮ ሌኪ ፖሊስ መኪና ውስጥ ሲገቡ መስኮቱን ዝቅ አስደረጉ።

«የቱ ነበር?» ብለው ጠየቁ። «ቀኙ ነው ግራው?»

ሁሉም ሰሟቸው። ዩና ጀርባዋን ሰጠቻቸው።