የመመረቂያው ዋዜማ

ዘአማኑኤል የወደቀው ከአራተኛ ፎቅ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ኮሪደሩ ገና መከለያ ብረት ካልተገጠመለት ሕንፃ ሥር፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወድቆ ተገኘ። በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ሁንዴ ሲደርስ ሬሳው ለምርመራ ተወስዶ፣ መሬቱ ላይ የቀረው የተበተነበት አሸዋ ብቻ ነበር። ከአሸዋው ፈንጠር ብለው አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ብሎኬት ላይ ተቀምጠዋል።

«እናቱ ነዎት?»

«ነኝ። ብዙወርቅ እባላለሁ፤ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ነው የመጣሁት።» ዓይናቸው ደርቋል። «ራሱን ገደለ ይሉኛል። የነፍስ አባታችንም ‹ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት አይደረግለትም፤ እስኪጣራ እንጠብቅ› አሉኝ። ጌታዬ፣ ልጄን ያለ ጸሎት ልቅበረው?»

«አጣራለሁ እናቴ» አለ ሁንዴ።

ፖሊሶቹ ማታ ያሸጉትን በር ከፍቶ ገባ። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የሁንዴም የራሱ ቤት እንዲሁ ስለሆነ፣ ዕቃውን ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ጠረጴዛው ላይ ዘአማኑኤል ለእስያ ጥናት ትምህርቱ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ በቂሊንጦ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩ ቻይናውያን የብቸኝነት ኑሮ ይተርካል። መምህራኑ ፊት የሚያቀርበው በዚያው ቀን ነበር።

ማድ ቤት ገባ። ሳፋ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ተቀምጦ ኦሞ ተነስንሶበታል፤ ውሃ ግን አልነካውም። ቧንቧው ሥር ያለው ባልዲ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ወለሉ ደረቅ ነው። ሁንዴ ቧንቧውን ነካው። ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል።

ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ሱቅ ወረደ። ባለሱቋ አዚዛ ከሕንፃው ጥበቃ ከቡልቻ ጋር ቆማለች።

«ዘአማኑኤል ቤት ሰው ይመጣ ነበር?»

«ማን ይመጣል?» አለች አዚዛ። «አንዳንዴ ሁለት ቻይናዎች። ይሄ ደግሞ ‹የአገር ሰው ጠፍቶ ነው?› እያለ ያበሽቀዋል።»

«ለቀልድ ነው እኮ እትዬ! እሱም ይስቅ ነበር።»

«አንተ ፊት ይስቃል። እኔ ነኝ ዳቦ የምሸጥለት፤ ሁልጊዜ አንድ ነው። እንግዳ ያለው ሰው አንድ ዳቦ ይገዛል?»

«ትናንት አይተሽው ነበር?» አለ ሁንዴ።

«ሊመሽ ሲል ኦሞ ሊገዛ መጣ። ‹ውሃ ከመጣ ነገ በነጭ ሸሚዝ አቀርባለሁ፤ ቧንቧዬን ከፍቼ ባልዲ ደቅኜበታለሁ› አለኝ። ውሃ ከጠፋብን ሰንብቷላ፤ ሁላችንም ከፍተን ነው የምንጠብቀው።»

«መጣ ታዲያ?»

«መጣ፤ እሱ ከወደቀ በኋላ። ሬሳውን ከበን ቆመን ሳለ አንዷ ከላይ ‹ውሃ መጣ!› ብላ ጮኸች። ከልጆች በቀር የተንቀሳቀሰ የለም፤ አፈርን። ልጄ ጄሪካኖቹን ሁሉ ሞላች። ግን ምን ውሃ ነው! ደም የመሰለ ድፍርስ። አድሮ ነው የጠለለው። ፖሊስ ሳይመጣ ጠፋ፣ እስካሁንም የለም።»

«እናንተ ያኔ የት ነበራችሁ?»

«እኔ አንሶላ አልብሼው እግሩ ሥር። ቡልቻ ራስጌው፣ ሕዝቡን እየገፋ። ፖሊስ እስኪመጣ ንቅንቅ አላልንም።»

«በሩስ?»

«ሲስቡት በራሱ የሚቆለፍ ነው» አለ ቡልቻ። «ፖሊሶቹ ከአከራዩ ቁልፍ አስመጥተው ነው የከፈቱት።»

ይህን ሲነጋገሩ ከሚኒባስ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛዋ የዘአማኑኤል አማካሪ መምህርት እምነት ናት። ሌላው አብሮት የሚማረው ቀናው ነው፤ በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድናቸው መሪው እሱ ነበር።

«ሳሪስ አቦ፣ አክስቴ ቤት ነው የምኖረው» አለ ቀናው። «ትናንት ከቤት አልወጣሁም። ዛሬ ጠዋት መምህርት ደውላ ነገረችኝና ሳሪስ ተገናኝተን መጣን። ምን ልበልዎት ኢንስፔክተር፣ ብቸኛ ነበር። ስናጠና እንኳ ጥጉን ይዞ ነው። ስለ ብቸኝነት ሲጽፍ ብቸኝነቱ በላው።»

ያማረ አባባል ነበር። ሁንዴ በጣም እንዳማረ አስተዋለ።

መምህርቷን ለብቻዋ አናገራት። «ቀናውና ዘአማኑኤል ያስገቡት ጽሑፍ ላይ የቻይናዎቹ ቃለ መጠይቅ ቃል በቃል አንድ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለቱም የኔ ነው ብለዋል። ዛሬ ከማቅረባቸው በፊት ቁጭ አድርጌ ላፋጥጣቸው ነበር። የአንዳቸው መባረር አይቀርም ነበር። ዘአማኑኤል የሰረቀው እሱ ሆኖ አፍሮ ይሆን? እያልኩ ስጨነቅ ነው ያረፈድኩት።»

ሁንዴ ሁሉንም አራተኛ ፎቅ ላይ ሰበሰባቸው። ብዙወርቅም ወጡ፤ ይግቡ ቢባሉ እንቢ ብለው በሩን ተደግፈው ቆሙ።

ሁንዴ ባልዲውን ሳያናውጠው ከማድ ቤት አምጥቶ መሐል ላይ አስቀመጠ። ደረጃው እንዳደከመው ሰው በረጅሙ ተንፍሶ፣ ብርጭቆ ነክሮ ቀዳና ወደ አፉ አስጠጋ።

«ኢንስፔክተር፣ አይጠጡት!» አለ ቀናው። «ድፍርስ ነው፣ ያምዎታል።»

ሁንዴ ብርጭቆውን ዝቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከታች እስከ ላይ ኩልል ያለ ነው።

«የቱ ነው ድፍርሱ?»

ቀናው ብርጭቆውን አየ። «ሰዎች… ሲያወሩ ሰምቼ ነው።»

«ማን ሲያወራ?»

መምህርት እምነት ወደ ቀናው ዞረች። «ከሳሪስ ጀምሮ አብረን ነን። ስለ ውሃ ያነሳ ሰው የለም።»

«እኛም ስለ ውሃው አልነገርነውም» አለች አዚዛ።

«በቅደም ተከተል ልንገራችሁ» አለ ሁንዴ። «ዘአማኑኤል ቧንቧውን ከፍቶ ባልዲ ደቅኗል፤ ሸሚዙን ለዛሬ ሊያጥብ። የነገውን የሚያሰናዳ ሰው ነው። ውሃው ሲመጣ ግን እሱ ሞቶ ምድር ላይ ተኝቷል። የተከፈተ ቧንቧ ባልዲውን ሞልቶ ቤቱን ማጥለቅለቅ ነበረበት፤ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። ባልዲው ልክ ሲሞላ የዘጋው እጅ አለ ማለት ነው። እጁ የፖሊሶቹ እንዳይሆን፣ እነሱ የመጡት ውሃው ከጠፋ በኋላ ነው። አዚዛና ቡልቻ ሬሳው አጠገብ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምስክራቸው ነው። እንግዲህ ሰው ሁሉ ታች ሲያለቅስ አንድ ሰው እዚህ ውስጥ ነበር፤ ውሃውም ቀይ ሆኖ ሲወርድ አይቷል። አድሮ እንደጠለለ ግን አላየም።»

ቀናው ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ልገድለው አይደለም የመጣሁት። እንዳትናገር ብዬ ልለምነው ነው። እኔ ቂሊንጦ አንድ ቀን ሄጄ አፈርኩ፤ ቻይናዎቹ ጥያቄ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። እሱ ቁጭ ብሎ አብሯቸው ይበላል። የእሱን ወሰድኩ። ‹ነገ አብረን እንንገራት፣ ታዝንልሃለች› አለኝ። እንደዚያ በረጋ ድምፅ ሲለኝ ተናደድኩ። ኮሪደሩ ላይ ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ቃለ መጠይቁ ያለበትን ፍላሽ ልወስድ ገባሁ። ስፈልግ ውሃው መጣ።» ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «የኛም ሰፈር ውሃ ብርቅ ነው። ሞልቶ ሊፈስ ሲል አላስቻለኝም፣ ዘጋሁት። ሰው ገድዬ ውሃ አሳዘነኝ። በወዲያኛው ደረጃ ስወርድ ያየኝ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር።»

ብዙወርቅ ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ «አልዘለለም?» አሉ።

«አልዘለለም እናቴ። ዛሬ የሚያቀርበውን እያሰበ ውሃ ይጠብቅ ነበር።»

እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።

በማግስቱ ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ። ሁንዴ ወደ ድንኳኑ ጎራ ያለው ሕዝቡ ሳሳ ሲል ነው። መምህርት እምነት ከእናቱ ጎን ተቀምጣለች።

«ልጄ ምን ነበር የጻፈው?» አሏት ብዙወርቅ። «ሲነግረኝ አይገባኝም ነበር።»

«ከአገራቸው ርቀው ስለሚሠሩ ሰዎች ነው እማማ። ማታ ማታ እናታቸው ጋር ይደውላሉ ይላል። ‹ደህና ነኝ፣ ጓደኞቼ አጠገቤ ናቸው፣ አብረን እየበላን ነው› ይሏቸዋል። ስልኩን ሲዘጉ ግን በክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።»

ብዙወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ።

«እኔንም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አሉ።