ያነበበ ያጥፋ

ይሄን ታሪክ ማመን የማይፈልግ አይመን። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር። ኋላ ሰውየውን ራሱን አገኘሁትና ሳቄ ጠፋ። የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

የሆነው አምቦ ነው። በ2005 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ።

ሰዓቱም እንደ ሌላው አስፈሪ ታሪክ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ቀን ሰባት ሰዓት... ሠራተኛው ምሳ ወጥቶ ቢሮው ጭር ሲል።

ሰውየው ዋቅቶላ ይባላል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ዝምተኛ ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ የሚሰማው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ብቻ ነው።

ሚስቱ ለንሳ ጤና ባለሙያ ነበረች። በየገጠሩ ክትባት ስትሰጥ የምትውል፣ ሳቋ ቀድሟት ቤት የሚገባ ሴት።

እነዚህ ባልና ሚስት አንድ ኢሜይል ነበራቸው።

አዎ፣ አንድ ለሁለት። ለንሳ የትምህርት ዕድል ፎርም ስትሞላ ኢሜይል አምጪ ተባለችና ኮምፒውተር ቤት ያለው ወዳጃቸው አብራር ከፈተላት። ዋቅቶላን «ላንተስ?» ቢለው «የሷ ይበቃናል፤ ማን ይጽፍልኛል ብለህ ነው?» አለ።

አብራር እየሳቀ ያንኑ አድራሻ በሁለት ቦታ ገጠመው። በዋቅቶላ የቢሮ ኮምፒውተር፣ የኢሜይል ፕሮግራሙ ላይ። በለንሳ ስልክ ላይም።

«ሳጥኑ አንድ ነው፤ በሩ ግን ሁለት ነው» አላቸው። «አንዳችሁ የጻፋችሁት ለሌላው ይታያል። አንዳችሁ ያጠፋችሁትም ከሌላው ይጠፋል።»

ታዲያ አድራሻው አንድ ከሆነ ለማን ይላካል? ዘዴው የለንሳ ነው። መጻፍ እንጂ አለመላክ። የተጻፈው ሳይላክ ድራፍት የሚባለው ቦታ ይቀመጣል፤ ሌላው በራሱ በር ገብቶ ያነበዋል። ዋቅቶላ መጀመሪያ ድራፍት ሲባል ቢራ መስሎት ደንግጦ እንደነበር ለንሳ ለሰው ሁሉ እያወራች ትስቅበት ነበር።

ገጠር ስትወጣ የስልክ ጥሪ እምቢ ይላል። ድራፍቱ ግን ኔትወርክ ብልጭ ባለ ጊዜ ሾልኮ ይደርሳል። የሚጻጻፉት በኦሮምኛ ነበር፤ የስልኳ የላቲን ፊደል የሚመቸው ለዚያ ቋንቋ ነው። «ሽንኩርት ግዛ።» «ሶረቲ ካሳላት ማር ስጣት።» «ናፍቀኸኛል፣ ለሰው እንዳታሳይ።»

ስልኳ ቶሎ ስለሚሞላ ሕግ አወጣች።

ያነበበ ያጥፋ።

ስለዚህ ድራፍቱ ከጠፋ... ተነቧል ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ለንሳ ክትባት ይዛ ወንጪ ወረደች። ከሐይቁ ማዶ ላሉ ሕፃናት ነው። ሲመለሱ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ተገለበጠች።

በማግስቱ አስከሬኗን አወጡት። ዋቅቶላ ፊቷን አየ። ሳጥኑ ሲዘጋ አጠገቡ ቆሞ ነበር። በገዛ እጁ አፈር መለሰባት።

ስልኳ ብቻ አልተገኘም። ሐይቁ አስቀረው።

ሴት ልጃቸው ሶረቲ ገና አንደኛ ክፍል ናት። የለቅሶው ሰሞን ጊንጪ ዘመድ ቤት አቆዩአት። ስትመለስ «እማዬስ?» አለች። ዋቅቶላ አንጀቱ አልችል አለና «መስክ ወጥታለች» አላት።

ይቺ ውሸት ናት የጎዳችው።

ሥራ እንደገና በጀመረ ሰሞን ምሳ አልወርድ አለው። ሰዉ ሲወጣ እሱ ብቻውን ቀረ። ኢሜይሉን ከፈተ። ድራፍት... ባዶ።

ጻፈላት።

«ለንሳዬ፣ የሶረቲ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ለእማዬ ላሳያት ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።»

እንዲያው ለራሱ ነው። ማልቀሻ ፈልጎ ነው። አስቀምጦት ፊቱን ሊታጠብ ወጣ።

ሲመለስ ድራፍቱ የለም።

ተሳስቼ አጥፍቼው ይሆናል አለ። በማግስቱ ሌላ ጻፈ። ወጥቶ ገባ...

የለም።

ወደ አብራር ሱቅ ሄደ። አብራር ስልክ እየጠገነ ነበር። የሆነውን ሲሰማ መፍቻውን አስቀመጠ።

«አንድ ሰው ስልኩን አግኝቶታል» አለ በሹክሹክታ።

«ከሐይቅ ውስጥ?»

«ዳር ወድቆ ይሆናላ።»

«በእጇ ይዛው ነበር አብራር። ጀልባው ላይ የነበሩት ናቸው የነገሩኝ።»

አብራር «እስቲ አንድ ነገር ጠይቅ» አለው። «ሌባ ከሆነ አያውቀውም።»

ዋቅቶላ በማግስቱ በሰባት ሰዓት ጻፈ። «የት ነሽ?»

ጣቱን ሳያነሣ ጠበቀ። ውጭ ባጃጅ ያልፋል። ጎረቤት ቢሮ ሬዲዮ ዜና ያወራል።

ጥያቄው ከዓይኑ ሥር ጠፋ።

በቦታው ሌላ መጣ...

«ጀልባው ዘግይቷል። እራት አትጠብቁኝ። ጥርሷን እንዳትጥሉት፣ ስመጣ አያለሁ።»

ዋቅቶላ የጥርሷን ነገር ከዚያ ድራፍት ሌላ ለማንም አልተናገረም። ለአብራር እንኳ።

ሮጦ መውጣት ነበረበት። አልሮጠም። እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር? ቀብራችሁት የመጣችሁት ሰው እራት አትጠብቁኝ ቢላችሁ? እሱ ስክሪኑን በመዳፉ እየዳበሰ አለቀሰ። ከዚያም ሕጉን አክብሮ አጠፋው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ተጻጻፉ። እሱ የቤቱን ይጽፍላታል። እሷ መልስ ትሰጣለች፤ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት።

«ጀልባው አልመጣም።»

«ጭጋጉ አልገፈፈም። ማዶው አይታየኝም።»

«ይገርምሃል፣ የክትባት ሳጥኑ በረዶ እስካሁን አልቀለጠም።»

ይቺን ሁለት ጊዜ አነበባት። ያ በረዶ የተጫነው መስከረም ላይ ነው። አሁን ጥቅምት እየተጋመሰ ነው።

ያኔ ገባው። ለንሳ መሞቷን አታውቅም። ዳር ቆማ ጀልባ እየጠበቀች ነው። እሱም ሶረቲን እንደዋሻት እሷንም እየዋሻት ነው።

አብራር የዋቅቶላን መክሳት አየና አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ድረስ መጣ። ዋቅቶላ የዕለቱን፣ ገና ያላጠፋውን አሳየው። አብራር አነበበ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ወላሂ... ይሄ የሰው ሥራ አይደለም።»

«እሷ ናት።»

«እሷ ብትሆንስ? እሷን ትጠቅማታለህ? አንተ ምሳ አትበላ፣ ልጂቱን ቀና ብለህ አታይ። ወንድሜ፣ ይሄን በር ዝጋው። ፓስወርዱን ቀይር። ያኔ ስልኩ መግባት አይችልም።»

ፓስወርዱ የሶረቲ የልደት ቀን ነበር። ቀየሩት። አዲሱን የጻፈው አብራር ነው።

ጸጥ አለ። ድራፍት ባዶ። ቢሮውም እንደ ቢሮ ሆነ።

ግን በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ የዋቅቶላ ስልክ ነዘረ። የጽሑፍ መልእክት ነው።

«ፓስወርድዎን ለመቀየር የጠየቁት ኮድ...» ይልና ቁጥር አለው።

እሱ አልጠየቀም። ወደ አብራር ደወለ።

«ፓስወርድ ጠፋኝ ያለ ሰው ሲኖር ነው የሚላከው» አለ አብራር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንከፍተው ያንተን ቁጥር ነበር የሰጠነው። ቁጥሩን ካልነገርካት... ካልነገርከው መግባት አይችልም። ኮዱም ደቂቃዎች ቆይቶ ይሞታል።»

በማግስቱም መጣ። በሚቀጥለውም። ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ስልኩ ይነዝራል። የውጭ በር የተቆለፈበት ሰው እንደሚያንኳኳው... ቀስ ብሎ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ዋቅቶላ የማንንም በር ዘግቶ አያውቅም። የሚስቱን ዘጋ። ይሄ ነው ያላስቻለው።

ቅዳሜ ወንጪ ሄደ። ፈረስ ተከራይቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ከታች ፈዬራ የሚባል ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ አገኘው። ለንሳን ከውሃው ካወጧት ሰዎች አንዱ ነው።

«ኦቦ ዋቅቶላ... ምን ፈልገው መጡ?»

«ልቆም ነው።»

ስልኩን በእጁ ይዞ ውሃው ዳር ቆመ። የኔትወርክ ምልክቱ ጨርሶ ጠፍቷል።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ነዘረ።

ዋቅቶላ ጮክ ብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ለሐይቁ አነበበ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለ ፈዬራ በሹክሹክታ።

«ከሚስቴ ጋር።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። 

ውሃው ዝም እንዳለ ነው። ነፋስ የለም፣ ምንም የለም። ዋቅቶላ በፈረሱ ሽቅብ ሲመለስ ራሱን እንደ ሞኝ ቆጥሮ አፈረ።

ሰኞ ቢሮ ገብቶ ኢሜይሉን ሲከፍት ፕሮግራሙ ፓስወርድ ተሳስቷል አለው። ከአብራር ጋር የቀየሩት አይሠራም።

እጁ ሳያዝዘው የድሮውን ሞከረ። የሶረቲን የልደት ቀን።

ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻለም። ምሳ ሰዓት ላይ ጻፈላት።

«ለንሳዬ፣ ጀልባው አይመጣም። ጀልባው ተገልብጧል። እኔ ራሴ ቀብሬሻለሁ፤ ፊትሽንም አይቻለሁ። ሳልነግርሽ የቆየሁት እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ። ሶረቲ ደህና ናት።»

አስቀመጠው። ጠበቀ...

እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ አልጠፋም። ቀስ ብሎ የሚነበብ ነገር ነበር። ሠራተኛው ከምሳ መመለስ ሲጀምር፣ ኮሪደሩ ላይ ጫማ መሰማት ሲጀምር... ጠፋ።

መልስ መጣ።

«ገባኝ። ጭጋጉ ሲበዛብኝ ጠርጥሬ ነበር። አታልቅስ። አንብበህ አጥፋው።»

ዋቅቶላ ጣቱን ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፈ። መጫን አቃተው። ይሄን ካጠፋ ሌላ አይመጣም። የመጨረሻ ቃሏ ነው። ዘግቶት ወጣ።

በማግስቱ ከፈተው። ቃሉ ያው ነው። የተጻፈበት ቀን ግን የዛሬ ሆኗል።

በሚቀጥለውም ቀን ቀኑ ተለወጠ። አንድ ቃልም ተጨምሯል።

«በርዶኛል።»

ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ...

«በርዶኛል ዋቅቶ። አንተ ካላጠፋኸው መሄድ አልችልም።»

ዋቅቶላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ቀና አለ። ስክሪኑን ሳመ። «ሂጂ የኔ ዓለም» አለ።

አጠፋው።

ያን ቀን ማታ ሶረቲን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እውነቱን ነገራት። ሁለቱም እስኪደክማቸው አለቀሱ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ቤቱ ከመስከረም ወዲህ እንዲያ ሰላም ሆኖ አያውቅም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር።

በማግስቱ ምሳ ወረደ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሽሮ በላ፤ ከሰው ጋር ተጫወተ። ተመልሶ ኢሜይሉን ሊዘጋ ሲል ዓይኑ ድራፍት ላይ አረፈ።

አጠገቡ «1» የሚል ቁጥር አለ፤ አንድ ጽሑፍ ገብቷል ማለት ነው።

ጽሑፉ ከመከፈቱ በፊት ፕሮግራሙ መነሻውን ብቻ ነው የሚያሳየው። የቀረው ተቆርጦ ነጠብጣብ ይሆናል። የታየው አንድ ቃል ነው። የልጁ ስም።

«ሶረቲ...»

ሳምልኝ ልትል ይሆን?

ወይስ አምጣልኝ?

ዋቅቶላ እስከ ዛሬ አልከፈተውም። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ያየዋል። ስሙ እዚያው አለ፤ የተጻፈበት ቀን ግን ሁልጊዜ የዛሬ ነው።