የተሰቀለው ታኮ

ምንይሉ ሞቶ የተገኘው ደረቱን የአይሱዙው መሪ ላይ ጥሎ ነው። መኪናው ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚያስኬደው መንገድ፣ አንድ ዳገት ላይ፣ የኋላ እግሩ ቦይ ውስጥ ተቀርቅሯል። ባለቤቱ ያየህ ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር፦ «ረዳቴ ነው። እኔና ሾፌሬ ፋንታ ከዳገቱ ሥር በሶ ስንጠጣ ቁልፍ ሰርቆ ነዳ። መንጃ ፈቃድ የለው፤ ራሱን ገደለ።»

ቃሉ ለኢንስፔክተር ትርሲት አልጣማትም። በሙት ማላከክን የመሰለ ቀላል ነገር የለም፤ ሙት አይመልስም። ደግሞም የሟቹ ሸሚዝ ጀርባው በጭቃ ተለውሷል።

ያንኑ ዕለት ጣቢያው ግቢ የቆመውን መኪና ስትዞረው ከጎኑ በገመድ የተሰቀለውን ታኮ አየች፤ ዳገት ላይ ሲቆሙ ከጎማ ሥር የሚወሸቀውን ግንድ። የጎማ ጥርስ የታተመበት ጭቃ ይዟል። በጣቷ ነካችው፤ እርጥብ ነው።

ፋንታን ለብቻው ጠየቀችው። «ስትነሱ ታኮውን ረስታችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?»

«ኧረ በስመ አብ! መንገድ ላይ ታኮ ትቶ መሄድ ነፍስ መብላት ነው። የኋላ መጪ ይገለበጥበታል። አባቴ የሞተው በእንዲህ ያለ ግንድ ነው። እኔ ካየሁት ሳላነሣ አልሄድም።» ይህን ብሎ ድንገት አፉን በእጁ ያዘ።

ያየህ ግን ስለ ታኮው ስትጠይቀው ሳቀባት። «እኔ ባለንብረት ነኝ እንጂ ግንድ ለቃሚ ነኝ? አንቺ ልጅ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ! መኪናዬን ልቀቂ።»

«ዝናቡ መቼ ነው የጣለው?»

«በሶ ስንጠጣ። እስከዚያ መንገዱ ደረቅ ነበር።»

በሣልስቱ ሞጣ፣ ሐዘን ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ያየህ ፋንታን አስከትሎ፣ የእርቅ ወረቀት አስጽፎ መጥቷል፦ «ባሌ በራሱ ጥፋት ሞቷልና ካሣ አልጠይቅም» ይላል። የሟች ሚስት አየሁሽ ማንበብ አትችልም። አውራ ጣቷን ቀለም ቀብተውላታል።

«መሪጌታ» አለች ትርሲት ገብታ፣ ለሽማግሌዎቹ አለቃ ለመሪጌታ አካለ ወልድ እጅ ነሥታ። «ጣቷ ወረቀቱን ሳይነካ ልናገር።»

«ሐዘን ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም! ውጪ!» ያየህ ተነሣ።

«ተቀመጥ» አሉት መሪጌታ። «ንገሪን ልጄ።»

«ምንይሉ ብቻውን ነድቶ ከሞተ፣ ታኮውን ጎማ የረገጠው መቼ ነው? ጭቃው ከበሶው ወዲህ ነው፤ እስከዚያ መንገዱ ደረቅ ነበር ያሉት አቶ ያየህ ራስዎ ነዎት። እሺ፣ ብቻውን ቆሞ ታኮ አደረገ እንበል። መልሶ የሰቀለው ማነው? ታኮ ሲሳብ ፍሬን የሚይዝ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሰው መሪ ጨብጦ ጀርባው በጭቃ አይለወስም። መኪናው ዳገት ላይ ቆመ፤ ምንይሉ ወርዶ ታኮ ወሸቀ። መኪናው ሲነሣ ታኮውን ሳበ፤ መሪው ላይ የነበረው ሰው ግን አልቻለበትም። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሄደበት። ሬሳውን ወደ ጋቢናው ያወጡት በኋላ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ፋንታ ዞረ።

«ታኮውን የሰቀለው እሱ ነው» አለች። «ሬሳ አጠገብ ቆሞ እንኳ የኋላ መጪውን አሰበ። የነዳው ግን እሱ አይደለም። ፋንታ መንጃ ፈቃድ አለው፤ እሱ ቢነዳ ኖሮ መድኑ ለቤተሰቡ ይከፍል ነበር፣ እርስዎም ስለ ሾፌርዎ ብለው አይዋሹም ነበር። ፈቃድ የሌለው ሲነዳ ግን መድኑ የከፈለውን መልሶ ከባለንብረቱ ይጠይቃል፤ ወህኒም አለ። አቶ ያየህ፣ የእርስዎን መንጃ ፈቃድ ያሳዩን።»

ያየህ ኪሱን አልነካም። «አንቺ ውሻ! እኔን በሰው ፊት...»

«ልለማመድ ብሎ መሪውን ነጠቀኝ» አለ ፋንታ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ። «ቁም እያልኩ ጮህኩ። ሬሳውን ሁለታችን አወጣነው። ከሥራ አባርርሃለሁ አለኝና ፈራሁ። አየሁሽ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

መሪጌታ ወረቀቱን ቀደዱት። «በሐሰት ልታስታርቀን ነበር» አሉት ያየህን።

ትርሲት አየሁሽ አጠገብ ተቀመጠች። «ባለ መኪና ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ካሣው መብትሽ ነው። ማመልከቻሽን እኔው እጽፍልሻለሁ።»

አየሁሽ ሦስት ቀን ሙሉ የሌባ ሚስት ስትባል ሰንብታለች። ያየህን አየችው፤ አላለቀሰችም።

«ካሣው ይደርሳል» አለች። «አስቀድመሽ ‹ምንይሉ ቁልፍ አልሰረቀም› ብለሽ ጻፊልኝ።»

ትርሲት ጻፈች። አየሁሽ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም ከጽሑፉ ሥር አጥብቃ አተመችው።