በምሳ ጠረጴዛ ላይ የወደቀው በረሮ

እኔንና እሱን ያገናኘን በረሮ ነው። ሌላው ሰው ስለ ፍቅሩ ሲያወራ በአበባ ወይም በዝናብ ይጀምራል፤ እኔ በበረሮ እጀምራለሁ። የሚያፍር ካለ ይፈር፣ እኔ አላፍርም።

ሥራዬ ተባይ ማጥፋት ነው። ሰማያዊ ቱታ ለብሼ፣ ባትሪዬን ወገቤ ላይ ሰክቼ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ብልቃጦች ይዤ ከሆቴል ሆቴል፣ ከቤት ቤት እዞራለሁ። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በድርጅታችን ያለችው ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አለቃዬ «ካንቺ ያመለጠ በረሮ ለልጅ ልጆቹ ያወራል» እያለ ይቀልድብኛል።

ያን ቀን ጠዋት የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ። እሱ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ሊጠግን መጥቶ መሬት ላይ ተንበርክኳል። የኋላውን ክዳን ሲከፍት አንዲት በረሮ ወጥታ በእጁ ላይ ሽቅብ እስከ ትከሻው ሮጠች። ሰውዬው የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መፍቻው አንድ ጥግ፣ እሱ ሌላ ጥግ ተገኙ። ምግብ አብሳዮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ጠጋ ብዬ በረሮዋን ከትከሻው ላይ ለቀም አደረግኋት።

«አይዞህ፣ አትበላህም» አልኩት።

«በእጅሽ ያዝሻት?» አለ ዐይኑ ፈጦ።

«ጓንት አድርጌያለሁ። ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀስ ብለህ ተናገራት።»

ይሸሻል ብዬ ስጠብቅ አቧራውን አራግፎ ተነሣና «እስቲ አሳዪኝ» አለኝ። ባትሪዬን አበራሁለት።

«ከጭንቅላቷ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር አየህ? እኛ ባለሁለት መስመር እንላታለን። የወጥ ቤት በረሮ ናት። ሙቀትና እርጥበት ትወዳለች፤ ለዚህ ነው ሞተሩ ሥር ያገኘሃት። ከኋላዋ ያንጠለጠለችው ደግሞ የእንቁላሏ ከረጢት ነው። ሊፈለፈሉ እስኪደርሱ ድረስ አትጥለውም።»

ጎንበስ ብሎ አያት።

«እናት ናታ» አለ።

ሌላው ወንድ «ኧረ ጣያት!» ነው የሚለው። እሱ ግን «እናት ናታ» አለ። ልቤ እዚያው ሄደች፣ ምን ልዋሽ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ አልተለያየንም ማለት ይቻላል። ያረጀ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ አለው፤ ከሥራ ስወጣ ወንበሩ ላይ እቀመጥና ሲጠግን አየዋለሁ። «ባለባትሪዋ» ይለኛል። ሲበይድ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጨርሶ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ብዙም አናወራም ነበር። ስናወራ ደግሞ ስለ በረሮ ይጠይቀኛል፤ ትልቁ ቀዩ ከፍሳሽ ቱቦ እንደሚወጣ፣ ጥቁሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ምድር ቤት እንደሚወድ ነገርኩት። «ሁሉም በረሮ አንድ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። «የሁሉም ሰው ስህተት እሱ ነው» አልኩት።

አንድ ቀን «እማዬ ምሳ ጠርታሻለች» አለኝ።

እናቱ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ቤታቸው ገና ከበሩ ያስፈራል፤ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ መጋረጃው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሳሎኑ ውስጥ እናቱና አክስቱ ተቀምጠዋል። ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ፣ የእጅ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደ ተማሪ ተቀመጥኩ።

ምሳው ቀርቦ ገና ሁለቴ ሳንጎርስ እናቱ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ ጤና ነክ ሥራ ላይ ናት ብሎኛል። ነርስ ነሽ ወይስ ላቦራቶሪ?»

እሱን አየሁት። ዐይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። ጤና ነክ! ስምንት ወር ሙሉ በረሮ ሲያስቆጥረኝ የከረመ ሰው፣ እናቱ ፊት ነርስ ሊያደርገኝ ነው። ደሜ ፈላ።

«ነርስ አይደለሁም እማማ። ተባይ አጥፊ ነኝ፤ በረሮ፣ ትኋን፣ አይጥ አጠፋለሁ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ሹካዎቹ ቆሙ። አክስቱ ውኃ ተጎነጩ። የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ቅጽበት ነው፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ጀርባ አንድ ትንሽ በረሮ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ጠብ ብሎ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ ዳቦው አጠገብ አረፈ።

አክስቱ ወንበር ላይ ወጡ። እናቱ ግን አልጮኹም። ቀስ ብለው ተነሡና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ሠላሳ ዓመት በኖርኩበት ቤት በረሮ ታይቶ አያውቅም። በልብስሽ ይዘሽው መጣሽ!»

አሁንም እሱን አየሁት። አንድ ቃል ጠበቅኩ፤ «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል። ከንፈሩ ተላወሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ናፕኪኑን እያጠፈ፣ እየዘረጋ፣ እንደገና እያጠፈ አንገቱን ደፋ። በረሮው ምንም አላደረገኝም፤ የቆረጠኝ የሱ ዝምታ ነው።

ከቦርሳዬ ብልቃጥ አወጣሁ፣ በረሮውን ከነነፍሱ ከተትኩና ክዳኑን አጠበቅኩ።

«ስለ ምሳው አመሰግናለሁ እማማ» ብዬ ወጣሁ። እስከ መንገዱ ጥግ አላለቀስኩም። ከጥጉ በኋላ ግን የራሴ ጉዳይ ነው።

ቢሮ ደርሼ ብልቃጡን መብራት ላይ አነሣሁት። ሁለቱ መስመሮች የሉም! በምትካቸው ክንፉን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ፈዛዛ ቀበቶ አለ። ባለቀበቶው ነው። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ትንሽ፣ ሁለቱም ቡናማ። ጠባያቸው ግን ሆድና ጀርባ ነው። ባለቀበቶው ወጥ ቤት አይፈልግም። ደረቅና ሞቃት ነገር፣ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል፤ የፎቶ ጀርባ፣ የጣሪያ ጥግ፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ሆድ። እንቁላሉንም ይዞ አይዞርም፣ እቃ ላይ ለጥፎት ይሄዳል። እኔ ያን ወር ሙሉ የሠራሁት ሆቴል ወጥ ቤት ነው። ባለቀበቶ ካየሁ ዓመት አልፎኛል።

የራዲዮና የቴሌቪዥን ሆድ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ሰላም አላልኩትም።

«ያንን ቴሌቪዥን ክፈተው» አልኩት።

ጀርባውን ፈትቶ ባትሪዬን ሳበራ ሦስት ባለቀበቶዎች ወደ ጨለማው ሮጡ። ሽቦዎቹ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ ከረጢቶች ተደርድረው ተለጥፈዋል። ሁለተኛውን ከፈተ፣ እዚያም አሉ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የእማዬን የሳሎን ቴሌቪዥን እዚህ አምጥቼ ነው የጠገንኩት» አለ። «ሦስት ወር ሆኖታል።»

«እንግዲህ ማን ይዞት እንደገባ አወቅህ።»

«አወቅኩማ።» ዙሪያውን አየ። «በቃ፣ መድኃኒቱን ስጪኝ። እሷ ገበያ ስትሄድ እኔው ጸጥ አድርጌ አጠፋዋለሁ። ይረሳል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«እኔ በልብሷ በረሮ ይዛ የገባች ሴት ሆኜ ልቅር?»

«እማዬን አታውቂያትም። እሷ ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

«እወድሃለሁ» አልኩት፤ ሳልፈልግ አመለጠኝ። «ግን ሰምተሃል? የምትደብቀው በረሮውን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ነው። ጤና ነክ እያልክ! እኔ የምደበቅ ሰው አይደለሁም። አፍ ስታወጣ ጥራኝ።»

ሦስት ሳምንት አልጠራኝም። ስልኬን በቀን መቶ ጊዜ አየሁት፤ አልደወልኩም፣ አልደውልምም ነበር። ሆቴል ለሆቴል ዞርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አለቃዬ ስልክ ዘግቶ ጠራኝ። «አንዲት ሴትዮ ባለሙያ ላኩልኝ ይላሉ። መኪናችሁ ላይ ሥዕል አይኑርበት ብለዋል።» አድራሻውን አነበበልኝ። የእናቱ ቤት ነው። ፊቴን አይቶ «ሌላ ሰው ልላክ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ የምሄደው» አልኩ። «ባለሥዕሉን መኪና ስጠኝ።»

መኪናችን ጎን ላይ የሰው ቁመት የሚያህል በረሮ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተስሏል። በራቸው ላይ አቆምኩት። እናቱ ብቅ አሉ፤ እኔን ሲያዩ ደነገጡ፣ መኪናውን ሲያዩ ባሰባቸው።

«በጓሮ በር ግቢ! ጎረቤት ያያል።»

«በጓሮ የሚገባው በረሮ ነው እማማ። እኔ ተጠርቼ የመጣሁ ሰው ነኝ።»

በዋናው በር፣ ከነቱታዬ ገባሁ። እሱ ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥን ሊያነሣላቸው መጥቶ ቆሟል። ከስቷል። ዐይናችን ተገናኘና ቀድሞ የሚመልስ ከሁለታችን ጠፋ።

ሥራዬን ጀመርኩ። ፎቶውን አወረድኩ፣ የመጋረጃውን ዘንግ አየሁ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ፈተሽኩ። እናቱ ከኋላ ከኋላዬ ይከተሉኛል። በመሃል ቆሙና ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ፤ ድምፃቸው የርዕሰ መምህርት አልነበረም።

«እውነቱን ንገሪኝ። ቤቴ ቆሻሻ ነው?»

አንጀቴን በሉት።

«አይደለም እማማ። ይሄኛው ዘር ቤት አይመርጥም። ፍርፋሪ ቢያጣ የመጽሐፍ ሙጫ ይበላል። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው ሲወጣ ሰማሁት።

«ቴሌቪዥኑን አዙርልኝ» አልኩት ለእሱ። አዞረው፣ ጀርባውን ፈታ። ከረጢቶቹ እዚያው ተለጥፈዋል።

በኛ ሥራ፣ ከምርመራ በኋላ አንድ ቅጽ ይሞላል፣ ባለቤቱም ይፈርምበታል። ሦስት ጥያቄ አለው፤ ዘሩ፣ የተገኘበት ቦታ፣ የመጣበት መንገድ። ሁለቱን ሞላሁ። ከዚያ ቅጹንና እስክሪብቶውን ለእሱ ዘረጋሁለት።

«ሦስተኛውን አንተ ሙላው።»

እናቱ ቀና አሉ። እሱ እስክሪብቶውን ተቀበለ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ያን ጊዜ ዝም ቢል ኖሮ እቃዬን ሸክፌ ልወጣ፣ ዳግም ላላየው ቆርጬ ነበር፤ እሱም ይህን ከፊቴ አንብቦታል። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የመሣሪያ ሳጥኔን ላነሣ ጎንበስ አልኩ።

«እማዬ» አለ። «በረሮውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ሞልቷል፣ በዚህ ቴሌቪዥን ነው የገባው። እሷ ስትሰደብ አላወቅኩም ነበር፤ በማግስቱ ግን አውቄያለሁ። ሦስት ሳምንት አውቄ ዝም አልኩሽ።»

«አንተ...»

«አልጨረስኩም!» እናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በዕድሜው የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ራሱም ደነገጠ። «ጤና ነክ ያልኩሽም አፍሬ ነው። ከእንግዲህ አላፍርም። በረሮ ገዳይ ናት፣ እወዳታለሁ፣ እሺ ካለችኝ አገባታለሁ። ብትወጂም ባትወጂም።»

እናቱ ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋዬን ሳራግፍ እያየኸኝ!» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥተው እጁ ላይ አስጨበጡት። «ጻፈው። የተናገርከውን ጻፈው፣ በንጹሕ ጽሕፈት።»

ጻፈ። መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ፈረሙ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ካገባሽም በኋላ ይሄን ሥራ ልትሠሪ ነው?»

«ካገባሁም፣ ከወለድኩም በኋላ።»

«እኔ ብለምንሽስ?»

«ቢለምኑኝም እማማ።»

መድኃኒቱን አድርጌ እስክጨርስ ባትሪዬን ይዘው አበሩልኝ፤ አንዱን ከረጢት ሲያገኙ «ይኸው! ይኸው!» እያሉ ጮኹ።

ስወጣ እስከ በር ሸኙኝ። ከፊት ለፊቱ ቤት ያሉት ጎረቤት አጥራቸው ላይ ተደግፈው መኪናችንን ያያሉ።

«ምነው እትዬ፣ በረሮ ገባብዎት እንዴ?»

እናቱ ትከሻቸውን ቀጥ አደረጉ። መንገዱ በሙሉ እንዲሰማ አድርገው መለሱ።

«አዎ ገባብኝ! ልጄ አመጣው፣ ምራቴ ገደለችው። ያንቺንም ቤት እንድታይልሽ ከፈለግሽ ወረፋ ያዢ!»

«ምራቴ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ዐይኔን እንባ ሞላው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሥራ ልብሴ ተሰድቤ አላለቀስኩም፤ ያን ቀን መሪ ይዤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። እሱ የመሣሪያ ሳጥኔን ከኋላ ጭኖ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ከነጓንቴ እጄን ያዘኝ።

«እሺ አላልሽኝም እኮ» አለ።

«አስቀድመን ሱቅህ እንሄዳለን» አልኩት እንባዬን በክንዴ እየጠረግኩ። «እዚያ ያሉትን አንድ ሳላስቀር ከጨረስኩ በኋላ፣ እሺ።»

ሞተሩን አስነሣሁ። በዋናው መንገድ፣ በመሃል ከተማ፣ መኪናችንን ከነበረሮው ሥዕል ይዘን ሄድን።