ጠፍቷል የተባለው ቀይ መብራት

ፈጠራ ነው የምትሉ አትድከሙ። የሆነ ነገር ነው። ሚኪኤል ዛሬም ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ይኖራል፤ ሂዱና ጠይቁት... ካናገራችሁ።

ያለፈው ኅዳር ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት። ሲያትል በኅዳር ገና በጊዜ ይጨልማል፤ ያን ዕለት ደግሞ ጉሙ ባሕሩን ውጦት ነበር።

ሚኪኤል ከአማቱ ከአቦይ ፍስሃጽዮን ጋር በትንሿ ጀልባው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቷል። አቦይ በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። እሳቸው ባሉበት ጀልባ መሪ የሚነካ የለም።

ሚስቱ ኣይዳ ስትሸኛቸው አንድ ነገር ብቻ አለችው።

«አባዬን በደህና መልስልኝ። አደራ።»

ሲመለሱ የጀልባዋ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ።

«ለመርከበኞች ማስጠንቀቂያ። ከድንጋዮቹ ፊት የነበረው ተንሳፋፊ ቀይ መብራት ጠፍቷል። ለጥገና ከውኃው ተነሥቷል።»

አቦይ ሳቁ።

«ተነሥቷል? ያውና!»

እውነትም... ከፊታቸው ቀይ መብራት አለ።

ብልጭ... ድርግም። ብልጭ... ድርግም።

ሚኪኤል አፈጠጠ። ጀልባዋን ማዕበል ያላጋታል፤ መብራቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ብርሃኑ ውኃው ላይ አያርፍም።

«አቦይ... ቆዩ እስቲ» አለ በሹክሹክታ። «ሬዲዮው ሌላ ነው የሚለው።»

«ሬዲዮ ዓይን አለው?»

«እና... በሌላ በኩል ብንዞርስ?»

«አንተ ሬድመንድ ቢሮህ ኮምፒውተርህን ንካ፣ ልጄ። ባሕሩን ለእኔ ተወው።»

ሚኪኤል አማቱን በምን አንደበቱ ይቃወም? ይሉኝታ የሚሉት ክፉ በሽታ ነው፤ ሞት ፊት ቆመህ እንኳ አንገትህን ያስደፋሃል።

ሬዲዮው ደገመ።

«መብራት የለም... አትጠጉ...»

ቀረቡ። መብራቱ ድርግም አለ... አልበራም።

አቦይ መሪውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ወደ ውኃው ጎንበስ አሉ።

«ማነህ አንተ?» አሉ።

ሚኪኤልን አላስቻለውም። በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ። አማቱን በትከሻው ገፋ አድርጎ መሪውን ከእጃቸው ነጠቀ፤ ጀልባዋን አዙሮ በሙሉ ኃይሏ ነዳት።

ከኋላው ድምፅ የለም። ተቀየሙኝ ብሎ አሰበ።

«ይቅር ይበሉኝ አቦይ። የኣይዳ አደራ ጨንቆኝ ነው።»



ዞሮ ሊያያቸው አፈረ። አማቱን ገፍቶ በየትኛው ዓይኑ ይያቸው? መንገዱን ሁሉ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ይቅርታ እየለመነ ነዳ።

ዳር ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ነው የዞረው።

አቦይ የሉም።

ኣይዳን ምን ይበላት?

ኣይዳ ግን ልትቀበላቸው መጥታ ከጀልባ ማቆሚያው እንጨት ላይ ቆማ ፈገግ ብላለች። ዓይኗ እሱ ላይ አይደለም። ከኋላው ወዳለው ባዶ መቀመጫ እጇን ዘረጋች።

«ና አባዬ፣ ቀስ ብለህ ውረድ። ኡፍ... እጅህ እንዴት ቀዝቅዟል!»

«ኣይዳ... ልቀቂ!»

«ምን ሆነሃል ሚኪ? አባዬን እያወረድኩ እኮ ነው።»

የሹራቧ እጅጌ በውኃ ራሰ። ክንዷ ተወጠረ።

«አባዬ፣ ቀስ በል፣ እየጎተትከኝ ነው» አለች እየሳቀች።

ጫማዋ በእርጥቡ እንጨት ላይ ወደ ጠርዙ ተንሸራተተ... ትንሽ... ደግሞ ትንሽ...