የበረካ ዑምራ

ጅን እንዳለ ቁርኣን ስለነገረን አምናለሁ፣ ግን «እኔን አጋጠመኝ» የሚል ሰው ሲያወራ አንገቴን ደፍቼ በልቤ የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ ታሪክ ተምሬ የተመረቅሁ፣ ያልተጻፈ ነገር ቶሎ የማልቀበል፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ እያፈርኩ መሆኑን እወቁልኝ።

ጅዳ፣ ኦብሑር ሰፈር፣ አሁን የምሠራበት ቤት በገባሁ ቀን ማዳም ስሜን ጠየቀችኝ፣ «ሰሚራ» አልኳት።

«እዚህ ቤት ሠራተኛ በረካ ነው የምትባለው» አለችኝ፣ «እናቴ ሌላ ስም አይያዝላትም። ካንቺ በፊት የነበሩት ሦስቱም በረካ ነበሩ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልከፋኝም፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ያሳደጓቸው ሐበሻዊት እኮ በረካ ነበሩ፣ ከእኛ አገር ተነሥታ የነቢዩን ባለቤት እሙ ሐቢባን ያገለገለችውም ሌላ በረካ ናት፣ ከነሱ ጋር በስም መገናኘት ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳምንት አልሞላም። ማዳም ከፎቅ «በረካ» ብላ ስትጣራ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ከልብስ መተኮሻው ክፍል አንድ ቀጭን ድምፅ በዐረብኛ «ነዓም»፣ አቤት፣ ይላል፣ ሄጄ ሳይ ማንም የለም፣ ማዳም ግን «መልሰሽልኝ የት ቀረሽ?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ማዳም ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና፣ «ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ እዚሁ ቤት ታምማ ሞተች። መካ ውሰዱኝ ስትለኝ፣ ከረመዷን በኋላ እያልኳት ሳታይ ቀረች። ዑምራ አድርጊላት፣ እኔ እወስድሻለሁ» አለችኝ። ዑምራን፣ ትንሹን የመካ ጉብኝት፣ ለራሴ ዐምና ስላደረግሁ ለሟች ማድረግ እችላለሁ፣ ግን ኒያው፣ ለማን እንደሚደረግ በልብ የሚታሰበው፣ ሲያዝ እኛ የሟቿን ስም እንጠራለን።

«ስሟ ማን ነበር?»

«በረካ።»

«እናቷ ያወጣችላትን ማለቴ ነው።»

ማዳም ቀለበቷን ታዞር ጀመር። «ወላሂ አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋንም ያኔውኑ ለመንግሥት መለስነው። ኸላስ፣ አላህ ያውቃታል።»

እኔም ደግሜ መጠየቅ አፍሬ፣ ወደ መካ ስንሄድ መኪና ውስጥ በሹክሹክታ «ለበረካ» ብዬ ነየትኩ፣ «በዚያ ቤት ለሞተችው» ብል ይበቃ ነበር፣ አላልኩም።

መካ ደርሰን፣ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ በሁለቱ ኮረብቶች በሰፋና በመርዋ መካከል ስመላለስ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ አንዲት ሴት ከኋላዬ እርምጃዋን ከእርምጃዬ ጋር ገጠመች፣ ስፈጥን ትፈጥናለች፣ ስቆም ትቆማለች፣ የወጥ ቤት ነጠላ ጫማ ድምፅ ነው፣ እመኑኝ፣ በዙሪያዬ የነበረው ሰው ግን ሁሉ ባዶ እግሩን ነበር። ዞሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። መርዋ ስደርስ ጆሮዬ ሥር፣ በኛው በወሎ አማርኛ፣ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ፣

«እህት ዓለም፣ ለየትኛችን ነው?» አለኝ።

ዙሩን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም፣ ዑምራው ለማን እንደደረሰም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከመተኮሻው ክፍል ማንም አይመልስም፣ ይህ ሊያሳርፈኝ ይገባ ነበር፣ ግን ባለፈው የማዳም እናት «በረካ» ሲሉኝ ሳላስበው «ነዓም» አልኩ፣ ከአፌ የወጣው ያው ቀጭን ድምፅ ነበር። የዚያኑ ዕለት የራሴንና የአባቴን ስም በወረቀት ጽፌ ቀሚሴ ጫፍ ውስጥ ሰፋሁት፣ አንድ ቀን ለእኔ የምትነይት ልጅ እንዳትቸገር።