ከኋላዬ «አለፍኩ» የሚለው ድምፅ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ በጆሮዬ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ጨለማ እንዳይመስላችሁ... ፀሐይ ወጥታለች፣ ጉም ነው የጋረዳት።

ቦታው ከከተማው ዳር የሚጀምረው ኮረኮንች መንገድ ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ብረቱን ነቅለው ወሰዱ፣ ጠጠር አለበሱት፣ መኪና እንዳይገባ ጫፍና ጫፉ ላይ ምሰሶ ተከሉ። አሁን እግረኛና ብስክሌት ብቻ ነው የሚያልፍበት። በአንድ በኩል የውሃ ቦይ፣ በሌላ በኩል ቁጥቋጦ ነው። መሃል ላይ ትልቁ የቀለበት መንገድ ከላዩ ያልፋል፣ ከሥሩ አጭር የኮንክሪት ዋሻ አለ። የመኪና ድምፅ የምትሰማው እዚያ ብቻ ነው፤ እሱንም ከጭንቅላትህ በላይ።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ከዚያች ቀን በፊት በሕይወቴ የምፈራው ኮረንቲ ብቻ ነበር።

አብራኝ የነበረችው ታናሽ እህቴ ናት። ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የምንላት፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አትችልም። ፀጉር ቤት ትሠራለች፣ አፏ ደግሞ ከመቀሷ ይፈጥናል። ባለፈው ዓመት ብስክሌት ስትነዳ ታክሲ ገጭቷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ እናታችን አስፋልት ላይ እንዳትወጣ ከለከለቻት። መኪና የማይገባበት መንገድ ተከፈተ ሲባል ግን ፌንጣ ለምና፣ አልቅሳ፣ አኩርፋ አስፈቀደች።

ልንወጣ ስንል እናቴ የማይለቃትን ሳሏን እየሳለች በር ላይ ያዘችኝ።

«አደራ። ለአንተ ነው የሰጠኋት።»

«እማዬ፣ መኪና እኮ የለም።»

«ስለ መኪና መች አወራሁ? ስለ እሷ ነው የምነግርህ።»

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ይሄ ካልገባችሁ ቀሪው አይገባችሁም።

ጠጠር ላይ ስትነዳ ወደ ኋላ አይዞርም። አንገትህን ስታዞር እጅህም አብሮ ይዞራል፣ የፊት ጎማህ ይንሸራተታል፣ ቦይ ውስጥ ትገባለህ። ስለዚህ እኛ ብስክሌት ነጂዎች የምንጠባበቀው በድምፅ ነው። ከፊት ያለው ችግር ሲያይ ይጮሃል... «ጉድጓድ!» «አሸዋ!» «ድንጋይ!»... የመጨረሻው ሰው ያንን ቦታ ሲሻገር «አለፍኩ!» ይላል። ፊተኛው «አለፍኩ» የምትለዋን ከሰማ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው። አይዞርም። መንገዱን ይቀጥላል።

እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ፌንጣ ከኋላ።

«ጉድጓድ!»

«አለፍኩ! ይሄን ነው ጉድጓድ የምትለው? የእኛ ሰፈር ይብሳል!»

«አሸዋ!»

«አለፍኩ! ጋሼ፣ ቀስ በል እንጂ! ደንበኛ ነው እንዴ የሚያሳድድህ?»

እየሳቅኩ ዋሻው ውስጥ ገባሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከላይ መኪኖቹ ይንጎዳጎዳሉ። ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል።

«ውሃ!» ብዬ ጮህኩ።

ትንሽ ዘገየ።

«አለፍኩ።»

ያው የፌንጣ ድምፅ ነው። ቀልድ ግን አልተከተለውም። ደከማት ብዬ አለፍኩት።

ከዋሻው በኋላ ጉሙ ባሰበት። ከፊቴ የሚታየኝ ሁለት ብስክሌት ያህል ርቀት ነው። መንገዱ ደግሞ ዳገት ይዟል። ዳገት ላይ ፌንጣ አፏ አያርፍም... ትራገማለች፣ ትለምናለች፣ «ግፋኝ» ትላለች።

ዛሬ ዝም።

«ድንጋይ!»

«አለፍኩ።»

እኔ ሳንባዬ ሊፈነዳ ነው። እሷ ትንፋሿ እንኳን አልተቆራረጠም። ሶፋ ላይ ተቀምጣ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ጆሮዬን አቆምኩ። ጎማ ጠጠር ላይ ሲሄድ ይንኮሻኮሻል። የእኔ ይሰማል። ሌላ ግን... አንድም የለም።

ከጉሙ ውስጥ ስፖርት የምትሠራ ሴትዮ እየሮጠች ብቅ አለች። «ደህና አደርሽ» አልኳት። እጇን አንስታ ፈገግ አለችልኝና አለፈችኝ። ኮቴዋ ከኋላዬ ቸስ... ቸስ... ቸስ...

ቆመ።

ከዚያ ቁጥቋጦውን እየጣሰች ስትሸሽ ሰማኋት። ከመንገዱ ወጥታ፣ በእሾህ ውስጥ።

«ፌንጣ፣ ሴትዮዋ ምን ሆነች?»

ፔዳሌን አዘገየሁ።

«ፌንጣ?»

«አለፍኩ።»

እኔ እኮ ምንም አልጮህኩም። ጉድጓድም ድንጋይም አላልኩም።

«ምኑን ነው ያለፍሽው?»

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ጎርፍ መንገዱን ለሁለት የቆረጠበት ቦታ ፊቴ ተደቀነ። እንዴት እንደዘለልኩት እግዜር ይወቅ። ከፊት ያለሁት እኔ ያላየሁትን፣ እሷ ከኋላ ሆና ቀድማ አልፋዋለች።



መዞር ፈለግኩ። አንገቴ ግን እንቢ አለኝ። ምክንያቱ ጠጠሩ አልነበረም። ፈርቼ ነው።

በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ከኪሴ አወጣሁት። የሚደውለው ማን እንደሆነ አየሁ።

ፌንጣ።

«ሄሎ...»

«ጋሼ! የት ገባህ አንተ? ሰንሰለቴ ወልቆ ከዋሻው በፊት ቆሜ ቀረሁ እኮ! ስጮህ አልሰማኸኝም? ጉሮሮዬ ተላጠ!»



«ከዋሻው... በፊት?»

«አዎ! ውስጡን አልረገጥኩትም።»

ያኔ ከኋላዬ፣ ትከሻዬ ሥር በሚባል ቅርበት፣ ቀስ ብሎ፦

«አለፍኩ።»

ዞርኩ።

ጉም ብቻ ነው። እርጥቡ ጠጠር ላይ አንድ የጎማ መስመር አለ፣ የእኔው ነው።

መሸሽ አማረኝ፣ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ብልጭ አለ። ያ ነገር ያለው ከኋላዬ ነው። ከኋላዬ ማለት ደግሞ በእኔና በእህቴ መካከል ማለት ነው።

ብስክሌቱን አዙሬ፣ ጎርፍ የቆረጠውን ተሻግሬ ቁልቁለቱን ለቀቅኩት። በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ስልክ።

«ፌንጣ፣ እንዳትዘጊ። እያወራሽ ቆዪኝ።»

«ምን ሆነሃል? ድምፅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ዝም ብለሽ አውሪ አልኩሽ!»

አወራች። ትናንት ስለመጣችው ሙሽራ፣ ስለተቃጠለባት የፀጉር ማድረቂያ፣ ስለ አለቃዋ ኩርፊያ። እንደዚያ ቀን ወሬዋን ወድጄው አላውቅም።

በመሃል አቋረጠችው።

«እሺ በቃ፣ መጣህ። አየሁህ።»

እኔ ገና ዋሻውን አላየሁትም።

«ፌንጣ... እኔ አይደለሁም።»

«አንተ ነህ እንጂ፣ ይኸው ከዋሻው እየወጣህ። ምነው በእግርህ? ብስክሌትህስ?»

«ተደበቂ። አሁኑኑ። ድምፅ እንዳታሰሚ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ከዚያ በሹክሹክታ፦

«ጋሼ... መልኩ የአንተ ነው... በእኔ ድምፅ የሚጠራኝ ለምንድን ነው?»

ስልኩ ተቋረጠ።

ዋሻውን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም። ስወጣ የፌንጣ ብስክሌት መንገዱ ዳር በኮርቻው ተገልብጦ ቆሟል። ሰንሰለቱ ቦታው ገብቷል። የኋላ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል።

አጠገቡ እህቴ ቆማለች። ሄልሜቷን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግባ፣ እጆቿን ወደ ታች ለቃ።

«ፌንጣ!»

«መጣህ ወንድሜ» አለችኝ።

ዘልዬ አቀፍኳት። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ በዚያ ጉም የማን አይቀዘቅዝም?

«ሰንሰለቱን ማን ገጠመልሽ?»

«ገባ።»

እጇን አየሁት። ንጹሕ ነው። የብስክሌት ሰንሰለት የነካ ሰው ያውቀዋል፣ ጥቁሩ በሳሙና እንኳን አይለቅም። አየሁት... ግን እህቱን በሕይወት ያገኘ ሰው ጥፍር አይመረምርም።

«እንሂድ። አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከዓይኔ እንዳትጠፊ።»

ወደ ከተማው መንዳት ጀመርን። ጀርባዋን እያየሁ። ዓይኔን ከእሷ ላይ ሳላነሳ።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላዬ፣ ከቦዩ በኩል፦

«ጋሼ!»

የፌንጣ ድምፅ።

«ጋሼ ቁም! እዚህ ነኝ! እዚህ ታች ነኝ፣ መውጣት አቃተኝ!»

ፌንጣ እኮ ከፊቴ ናት። ያውና ሄልሜቷ፣ ያውና ቦርሳዋ። ከኋላ ያለው እንግዲህ ያ ነገር ነው አልኩ። በድምፅ አንዴ አታሎኛል፣ ሁለተኛ አያታልለኝም።

ጥርሴን ነክሼ ፔዳሉን ረገጥኩ። አልዞርኩም።

«ጋሽዬ... ዙር... እባክህ አንዴ ዙርልኝ...»

እያለቀሰች ነበር። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ።

ምሰሶዎቹን አልፈን አስፋልት ስንረግጥ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ያቺ ሁሉን ካልጠየቅኩ የምትል ልጅ፣ የገዛ ድምፅዋ ከኋላዋ ሲያለቅስ እየሰማች... «ምንድን ነው?» እንኳን አላለችኝም።

እናቴ በር ላይ አቀፈቻት። እኔን መረቀችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ቦዩን ከጫፍ ጫፍ በእግሬ ወረድኩበት። ዳሩ ላይ በጣት የተቧጠጠ ጭቃ አለ። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ እጣራለሁ። የሚመልስልኝ ከላይ የሚያልፈው መኪና ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ሁሉም ደስተኛ ነው። ወሬ ቀነሰች፣ ትታዘዛለች፣ አትወጣም አትገባም። «ልጄ ልብ ገዛች» ትላለች እናቴ። ምን ብዬ ልንገራት? «ያመጣሁልሽ ልጅሽን አይደለም» ልበላት? ማስረጃዬ ምንድን ነው፣ ንጹሕ እጅ? አንጀቴ እያረረ አብሬያት ማዕድ እቀርባለሁ። «ወንድሜ» ስትለኝ አቤት እላለሁ። ጋሼ ብላኝ አታውቅም፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ።

ትናንት ለምሳ ወደ ቤት መጣሁ። ደረጃው ላይ እያለሁ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ምሳህ ቀርቧል።»

«መጣሁ እማዬ» ብዬ በሩን ገፋሁት።

ጠረጴዛው ባዶ ነው። የእናቴ ነጠላ ጫማ በሩ ሥር የለም፤ ገበያ ወጥታለች።

ወጥ ቤቱን አጮልቄ አየሁ።

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

«ልጄ፣ ምሳህ ቀርቧል» አለች። ድምፁ ትንሽ ቀጠነባት። ራሷን ነቀነቀች።

«ልጄ... ምሳህ ቀርቧል።» አሁን ወፈረ።

«ልጄ፣ ምሳህ ቀርቧል።»

ልክ መጣ። ቁርጥ እናቴን።

ከዚያ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሳ፣ የእናቴን ሳል ሳለች።